ማን ይኖርበታል?

ፔሩ ውስጥ ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስደው የኢንካዎች መንገድ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ተራራ ለተራራ አራት ቀን ያስኬዳል። ያለ አስጎብኚ መግባት ክልክል ነው፤ ጓዝዎን የሚሸከምም አለ። ሲደርሱ የሚያገኙት ግን ባዶ ከተማ ነው።

ይህን ሳወራቸው፣ በወጣትነታቸው ከዋድላ ተነስተው ላሊበላን ለገና በእግራቸው የተሳለሙት የሳንሱሲዋ ጎረቤቴ «እንዴ! ሰው የሌለበትን ቤት ለማየት ነው ያ ሁሉ ድካም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሁለቱም በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል፤ ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ማቹ ፒቹ በ1983። የሚለያቸው ስንቁን ቋጥሮ በባዶ እግሩ የሚገሰግሰው ምዕመን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ «ቱሪስት ጠፋ» ብለን አዘንን። ቱሪስትስ ይመለሳል። የዋድላው ተሳላሚ መንገዱን ፈርቶ ቤቱ የቀረ ለታ ግን እኛም ባዶ ከተማ ማስጎብኘት እንጀምራለን።