የቦያችን አፍ

መቼም የመጽሔቱ አዘጋጆች «ሕዝብ ስለ ውሃ ብሎ በገዛ ጉልበቱ ስለሚሠራው ሥራ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ትዝ ያሉኝ እንግሊዞች ናቸው። የአንደኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን «ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት» ስለሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚያወራ ጽሑፍ አባዝቶ ሰጥቶን ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመ ሲሆን በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላቸውን ቦዮችና ወንዞች ይጠብቃል። ቦዮቹ አብዛኞቹ የዛሬ 200 ዓመትና ከዚያም በፊት የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ ለማጓጓዝ የተቆፈሩ ናቸው። ባቡርና መኪና ሥራቸውን ከቀማቸው በኋላ አሁን የመዝናኛ ጀልባ ይሄድባቸዋል፤ ሰው በዳርቻቸው ይንሸራሸራል፣ ዓሣ ያጠምዳል። በጎ ፈቃደኞች ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ቆሻሻ ይለቅማሉ፣ የውሃ መዝጊያ በሮችን ቀለም ይቀባሉ። ውሃው ለጥገና ሲለቀቅ ከሥሩ ብስክሌትና የሱፐርማርኬት ጋሪ ይወጣል። ይኼን ስናነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ ግን «እኛ ዋጃ ቦይ ስንጠርግ የምናወጣው ግንድና የሞተ ፍየል ነው» አልኩ።

እናላችሁ ስለ እንግሊዞቹ ልጽፍ ተቀምጬ ሐሳቤ ዋጃ ሄዶ ቀረ። የምጽፈው ግን የምኮራበትን ነገር አይደለም።

ዋጃን ለማታውቁ፣ ከወልድያ ተነስታችሁ ወደ አላማጣ ስትጓዙ ቆቦን አልፋችሁ አላማጣ ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ምድሩ ሜዳ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በስተምዕራብ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ የደጋ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ። ዝናቡ በብዛት የሚወርደው ደጋው ላይ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠብ ሲል «ዘነበ» ይባላል። ደጋው ላይ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ማታ፣ አንዳንዴም እኩለ ሌሊት ላይ፣ ጎርፍ ሆኖ ይደርሰናል። ቆቦዎች ጎቡ፣ ሆርማትና ጎሊና አሏቸው፤ እኛም የኛ ወንዝ አለን። በበጋ ብታዩት አሸዋ ብቻ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ጎርፍ ሲባል ለከተማ ሰው ጥፋት ነው። ለኛ ደግሞ እህል ነው። ወንዙ ውስጥ በሰያፍ የተዘረጋ፣ ከአሸዋ፣ ከድንጋይና ከግራር ቅርንጫፍ የተሠራ ክትር አለ፤ የቦያችን አፍ የምንለው እሱን ነው። ጎርፉ ሲመጣ ክትሩ የተወሰነውን ይጠልፍና ወደ ዋናው ቦይ ያስገባዋል። ከዋናው ወደ ትናንሾቹ፣ ከትናንሾቹ ወደየማሳው። ማሳው ዙሪያውን ስለተከተረ ውሃው ይተኛበታል፤ ደለሉን ጥሎ ቀስ እያለ ይሰርጋል። ደጋው አፈሩን በነጻ ይልክልናል ማለት ነው (የደጋ ልጆች ይኼን ስነግራቸው ደስ አይላቸውም)። በሚያዝያ የተዘራ ማሽላ በጊዜው አንድ ሁለት ጥሩ ጎርፍ ከጠጣ ለእሸት ይደርሳል። ጎርፉ የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓት ነው። ያመለጠው አመለጠው።

ስለዚህ ግንቦት ሲጋመስ የውሃ አባቱ ሰው ይጠራል። የውሃ አባት የመንግሥት ሹመት አይደለም፤ ቦዩን የሚጠቀመው ገበሬ ተሰብስቦ የሚመርጠው ሰው ነው። ተራ ያወጣል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ሌሊት ማን ዘብ እንደሚያድር ይመድባል። በጥረጋው ቀን ረጅም ዱላ ይዞ ቦዩን ይለካል፤ መሬት የበዛለት ብዙ ዱላ፣ ያነሰው ጥቂት ዱላ ይደርሰዋል። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱን ያልከፈለ ጎርፍ ሲመጣ ተራው ይዘለላል፤ ይኼን የሚደፍር ብዙ የለም። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም የታመመ ሰው ሲኖር ድርሻው በደቦ ይጠረጋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዱበርቲዎች ይመርቃሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ «አሜን» ይላል። ከዚያ ዶማና አካፋ ነው። ቀትር ላይ ንፍሮና ቡና ይመጣል። እንግሊዞቹ ለዚህ ሥራ በጎ ፈቃደኛ የሚፈልጉት ማስታወቂያ አውጥተው ነው። እኛ ዘንድ «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚወጣው ጎረቤቱ ስለወጣና ማሽላው ስለሚያሳስበው ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሁለተኛ ዓመት የመስኖ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ወደ ቤት ሄድኩ። መንደሩ በሙሉ «ኢንጂነሩ መጣ» ይለኛል። ቀልድ መሆኑ እየገባኝም ደስ ይለኝ ነበር። የኛ ማሳ ቦዩ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ክትሩ ይበረገድና ውሃው ወደ ወንዙ ተመልሶ ይሄዳል፤ ላይኛዎቹ ጠጥተው እኛ ሳይደርሰን ይቀራል። ሐምሌ ሙሉ እንዲሁ ሆነ። አባቴ ምንም አይልም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ማሽላው ውስጥ ገብቶ ቅጠሉን በእጁ እየዳሰሰ ሲቆም አየዋለሁ።

የውሃ አባቱ ዘንድ ሄድኩ። «አያ፣ አፉ ደካማ ነው። አሸዋ በጆንያ ሞልተን፣ ድንጋዩን በጋቢዮን ሽቦ አስረን ብንሠራው አይበረገድም» አልኳቸው። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሽቦ የት እንዳለም አውቅ ነበር።

«እንዲበረገድ እኮ ነው የተሠራው» አሉኝ።

«እንዴት አያ? ለመፍረስ ብሎ የሚሠራ አለ?»

«ትንሹን ጎርፍ ያስገባል። ትልቁ ሲመጣ እሱ ቀድሞ ይሄዳል። እሱ ካልሄደ ማን ሊሄድልህ ነው ልጄ?»

ዝም አልኩ። ስለተስማማሁ አልነበረም፤ ሽማግሌ አይከራከሩም ብዬ ነው። ከክፍል የያዝኩት ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ ወንዝ የሚሆን ነበር፤ እዚያ ጠንካራ መልካም ነው፣ ደካማ መጥፎ። በማግስቱ ማታ አራት ጓደኞቼን ይዤ ወረድኩ። ሃያ ሰባት የማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ሞላን፤ ሽቦውን አምጥተን ድንጋዩን አሰርን፤ ላዩን እንዳይታወቅ በቅርንጫፍ ሸፈንነው። መሸፈናችንን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል። ያኔ ግን ያመመኝ ጀርባዬ ብቻ ነበር።

ነሐሴ ገብቶ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዘብ የማድርበት ቀን ነበር። ደጋ ካለው ዘመዳችን ስልክ ተደወለ፤ «ሰማዩ ጠቁሯል፣ ተጠንቀቁ» አለ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት አካባቢ መጀመሪያ የጭቃ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ዳገት የሚወጣ ሲኖትራክ የመሰለ ድምፅ። ባትሪ አብርቼ አፉ ላይ ቆምኩ። ጎርፉ መታው። ክትሩ ተንቀጠቀጠ፣ አልተነቃነቀም። ድሮ በዚያ ሰዓት የሚበረገደው አልተበረገደም! ውሃው ሁሉ ታጥፎ ወደ ቦያችን ገባ። ጮህኩ፤ ከደስታ ብዛት ብቻዬን ጮህኩ። ለአባቴ ደውዬ «ተነሳ አባ፣ ዛሬ ጫፍ ይደርሳል» አልኩት።

ጫፍ አልደረሰም። ቦዩ ያን ያህል ውሃ ተሸክሞ አያውቅም። መሐል ላይ፣ ጠምዘዝ ከሚልበት ዘንድ፣ ግንቡ ተሰነጠቀና ውሃው በሙሉ በዚያ ወጣ። የወጣበት ማሳ ባሏ የሞተባት የጎረቤታችን ነው። ሲነጋ ስናየው ሰው የሚያህል የነበረው ማሽላ ግማሹ ተነቅሎ ሄዷል፤ የቀረው እስከ አንገቱ በአሸዋ ተቀብሯል። መሐሉ ላይ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ተከፍቷል። ሴትዮዋ ዳር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታያለች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር። የኛ ማሳ፣ ይኼ ሁሉ የሆነበት፣ ደረቅ ነው።

የውሃ አባቱ አፉ ዘንድ ወርደው ቅርንጫፉን ገለጡ። ጆንያውንም ሽቦውንም አዩ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሽማግሌ ጠሩ።

ወርካው ሥር ተሰበሰብን። (ከጊዜ በኋላ በስፔን አገር ቫሌንሲያ በምትባል ከተማ በየሐሙሱ እኩለ ቀን ገበሬዎች የመረጧቸው ዳኞች ካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጠው የመስኖ ክርክር በቃል እንደሚዳኙ፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 በቅርስነት እንደመዘገበው አነበብኩ። ፎቶውን ሳይ ጥቁር ካባቸውን አውልቄ ጋቢ አለበስኳቸው፤ የኛዎቹን ሆኑ።) የውሃ አባቱ «ይኼን ያስቀመጠ ይነሳ» አሉ። ጓደኞቼ መሬት መሬት ያያሉ። እግሬን ለማንሳት እየሞከርኩ ሳለሁ አባቴ ከኋላዬ ተነሳ።

«የኔ ልጅ ነው» አለ። «ውሃው ለኔ እንዲደርስ ብሎ ነው። ዕዳው የኔ ነው።»

ከዚያ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ግን ከሱ በኋላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ብዙ አልፈጁም። አምስታችን ቦረቦሩን እንድንሞላና አሸዋውን እንድንጠርግ፣ አባቴ ደግሞ ከጎኗ ያለው ማሳ የሰጠውን ያህል እህል በመኸር እንዲሰጣት ፈረዱ። እርሷ ተጠየቀች። «መሬቴ ይመለስልኝ እንጂ ሌላው ይቅር» አለች። ሽማግሌዎቹ አይቀርም አሉ። አሸዋውን ስንጠርግ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። መኸር ሲደርስ የኛ ማሽላ ለራሳችንም የሚበቃ አልነበረምና አባቴ ወይፈኑን ሸጦ እህል ገዛላት። ወይፈኑ ለትምህርቴ ተብሎ የታሰበ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ሌሊት አንድ ቀን እንኳ አንስቶብኝ አያውቅም።

ትምህርት ቤት ስመለስ ስለ ጎርፍ መስኖ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። በራያ ሸለቆ በሲሚንቶ የተሠሩ የጎርፍ ጠለፋዎች ብዙዎቹ በደለል ተዘግተው ገበሬው ጥሏቸው ወደ ቀድሞው ክትሩ እንደተመለሰ ያኔ ነው ያወቅሁት። የጎርፍ ወንዝ ድንጋይና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጠባብና ቋሚ በር ይደፈንበታል። ለካ የኔን ስህተት ከኔ በፊት በትልቅ በጀት የሠሩት አሉ! ይኼ ያጽናናኛል ብዬ ነበር፣ አላጽናናኝም። ባለ በጀቶቹ «እንዲበረገድ ነው የተሠራው» ብሎ የነገራቸው ሰው ይኑር አይኑር እንጃ፤ እኔ ግን ተነግሮኛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አለፈ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ አንበጣው መጥቶ ራያ ላይ የደረሰውን ማሽላ በላው። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ እኛው ዘንድ ስለነበር ቦዩን የጠረገ ሰው አልነበረም፤ ሰው ነፍሱን ነው ያሰበው። አንድ ክረምት ያልተጠረገ ቦይ ምን እንደሚሆን ላልሠራበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ደለሉ ሞልቶ ከሜዳው ጋር እኩል ሆነ፣ ቁጥቋጦ በቀለበት። ተመልሰን ስንቆፍር የቦዩን መስመር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በዱላቸው እያሳዩን ነው ያገኘነው። አንዳንዱን ቦታ ያሳየችን ያቺው ጎረቤታችን ናት። ጠምዘዝ ከሚለው ዘንድ ስትደርስ ቆም አለችና «እዚህ ጋማ ኢንጂነሩ ያውቀዋል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ነገር ሳቅሁ።

አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሼ እናንተው ጋ ነኝ። ባለፈው ግንቦት ለጥረጋው ሄጄ ነበር። የውሃ አባቱ አርጅተዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚያዙት። አፉን የምንሠራው እኔና ሁለት ጎረምሶች ነን። ድንጋይ ደረደርን፣ ቅርንጫፍ ነሰነስን፣ አሸዋ መለስንበት። ክትሩ ከወንዙ ጋር ከሚገናኝበት ጫፍ ላይ ሦስት እርምጃ የምታህል ቦታ ዝቅ ብላ ቀረች። እጄ ለመደና አካፋዬን ሞልቼ ልደፍናት ስል፣

«ተው» አሉኝ።

«ትንሽ ብቻ አያ፣ እኩል እንዲሆን።»

«ወጥተህ ቁምባት።»

ወጥቼ ቆምኩ። አሸዋው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ዋጠኝ። እግሬን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይኼ ይበቃል» አሉ። አሸዋውን እዚያው ወንዙ ላይ ደፋሁትና ወደ ቡናው ሄድን።