በየት በኩል ልቀመጥ?

ብዙ ሐበሻ አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል የሚጨነቀው ለሻንጣው ኪሎ ነው። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ አልፎ ይሆን እያለ ሲባዝን ስለ መቀመጫው የሚያስብበት ጊዜ አያገኝም። «የትም ይሁን፣ ብቻ ልድረስ» ይላል። ጄኔቫ የሚኖር አንድ የጎንደር ልጅም እናቱ እስኪመጡ ድረስ እንዲሁ ነበር።

እናቱ የደባርቅ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ካዩ 14 ዓመት አልፏቸዋል። እሱ የያዘው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ብዙ አገር ያስገባዋል፤ ወደ ትውልድ አገሩ ግን አያስኬደውም። ስለዚህ ቪዛ ተጠይቆ፣ ዋስትና ተፈርሞ፣ እናት ወደ ልጅ መጡ። እንደ ደረሱ «ተራራውን አየሽው ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ የመስኮቱን ቦታ ለአንዲት ሕፃን ለቀው መሀል ተቀምጠው እንደመጡ ነገሩት። «ልጅ ናት፣ ትይ ብዬ ነው» አሉ። ይሉኝታ ሰማይ ላይም አይቀር!

ቆይታቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ላይ ዋለ። በእነዚህ ወራት የጄኔቫ ሐይቅ አካባቢ ብዙ ቀን ጉም ይሸፍነዋል። ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሞን ብላን በጠራ ቀን ከከተማው ሆኖ ይታያል፤ ለእናት ግን አንድም ቀን ሳይገለጥላቸው መሄጃቸው ደረሰ።

የመመለሻ ጉዟቸው በዙሪክ በኩል ነበር። ቋንቋ ስለማይችሉ ልጁ እስከዚያው ሊሸኛቸው ለራሱም ቲኬት ቆረጠ። በባቡር ሦስት ሰዓት የማይሞላው መንገድ በአየር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ከመሳፈሩ በፊት ግን ካርታ ዘርግቶ አሰበ። ጄኔቫ በደቡብ ምዕራብ፣ ዙሪክ በሰሜን ምሥራቅ ናት፤ የአልፕስ ተራሮች ከሁለቱ በስተደቡብ ይዘረጋሉ። እንግዲያው ወደ ዙሪክ ለሚሄድ አልፕስ በቀኙ፣ የጁራ ተራሮች በግራው ናቸው። ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ ለሚመለስ ደግሞ አልፕስ በግራ ይሆናል። «ኤ» የሚል ፊደል ያለበት ወንበር የግራ መስኮት ነው፤ አንድ መተላለፊያ ባለው አውሮፕላን «ኤፍ» የቀኝ መስኮት ነው። ክንፉ እንዳይጋርድም ከክንፉ ፊት ወይም ራቅ ብሎ ከኋላ መምረጥ ይበጃል።

የጉዞው ዕለት ማለዳ ምድሩ ሁሉ ጉም ነበር። ልጁ ተስፋ ቆረጠ። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ጥቂት በነጩ ውስጥ ከሄደ በኋላ ግን ፀሐይ ቦግ አለች። ጉሙ ከታች እንደ ባሕር ተኝቷል፤ በቀኝ በኩል በረዶ የለበሱት ጫፎች ደሴት መስለው ቆመዋል።

«ይኸማ ስሜን ነው!» አሉ እናት፣ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው። «ጉሙ ከገደሉ ሥር ሲተኛ ልክ እንዲህ ነው። ረሳኸው?»

ልጁ አልረሳም። በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ የተራሮቹን ስም ነገራቸው፤ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር እንደሆነም ጨመረ። «የእኛ ራስ ደጀንስ?» አሉ። 4,550 ሜትር ያህል መሆኑን ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

ዙሪክ ላይ ሲለያዩ አንድ አደራ ሰጣቸው። «እማዬ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ስትበሪ በግራ በኩል መስኮት ጠይቂ። ዓባይን ተሻግረሽ ወደ ጎንደር ስትቃረቢ ጣና በዚያ በኩል ነው። ለማንም እንዳትለቂ፤ ለእኔም እዪልኝ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ስልክ ተደወለ። «ጣናን አየሁልህ» አሉ እናት። «አንዲት ልጅ ቦታውን ልቀቂልኝ ብላኝ ነበር። ‹የልጄ ቦታ ነው› ብዬ ከለከልኋት።»

ለእናቱ ቲኬት የሚቆርጥ ሁሉ ከሻንጣው ኪሎ ቀጥሎ የመስኮቱንም ወገን ይጠይቅ። መልካም መንገድ!