የማኑዋል ስህተት ትንሽ የለውም

የመጫኛ መመሪያ ቢሳሳት ኮማንዱ እምቢ ይላል፤ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል። ሰርቨር ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚነግሩን ቁጥሮች ማብራሪያ ሲሳሳት ግን የሚሰበር ነገር የለም። ቁጥሩ እንደወትሮው ይወጣል፣ ግራፉ ይሳላል፣ የሚበላሸው የአንባቢው ድምዳሜ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ የተገኘችን አንዲት የተሳሳተች ዐረፍተ ነገር ማረም ጸጉር ስንጠቃ የማይመስለኝ።

አፕታይም የተባለውን የሊኑክስ ኮማንድ እንውሰድ። ማኑዋሉ ሎድ አቬሬጅ የተባለው የጭነት አማካይ ሲፒዩ ላይ ያሉትንና ተራ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን፣ ሊቋረጥ በማይችል ጥበቃ ላይ ያሉትንም ፕሮሰሶች እንደሚቆጥር ይናገራል፤ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከዲስክ ምላሽ የሚጠብቁ ናቸው። ትክክል ነው፤ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሚቆጥረው እንዲህ ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን ሎድ 1 ሲሆን ባለ አንድ ሲፒዩ ማሽን ሙሉ ጊዜውን ተይዟል፣ ባለ 4 ሲፒዩው ደግሞ 75 በመቶ ሥራ ፈት ነበር የሚል ምሳሌ ለዓመታት ተቀምጦ ኖሯል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ያ አንዱ ፕሮሰስ ዲስክ እየጠበቀ ከሆነ ሲፒዩዎቹ ሁሉ ሥራ ፈት ሊሆኑ ይችላሉ። ምሳሌውን ያመነ ሰው ሎዱ ሲያሻቅብ ሲፒዩ ይገዛል፤ የታመመው ዲስኩ ነው። «የአንድ ደቂቃ አማካይ» የሚለውም ቢሆን እንደተለመደው አማካይ ከተወሰደ ያሳስታል፦ ሥራ ፈት የነበረ ማሽን ላይ አንድ ሲፒዩ ጠምዶ የሚይዝ ፕሮሰስ ከተነሣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሚታየው 1 ሳይሆን 0.63 ገደማ ነው፣ ስሌቱ የቆየውን እያደበዘዘ የሚሄድ ነውና።

«ይህን ባለሙያ ያውቀዋል፤ የተጠራጠረ ኮዱን ያንብብ» የሚሉ አሉ። እስቲ የሜሞሪ ቁጥሮችን እንይ። ብዙ ፕሮግራሞች ነጻውንና ካሽ የያዘውን ሜሞሪ ደምረው «ይህን ያህል ይተርፋል» ይሉ ነበር። ካሽ ተብሎ የሚቆጠረው ግን ፕሮሰሶች የሚጋሩትን፣ በቀላሉ የማይለቀቅ ሜሞሪም ይጨምራል። የከርነሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.14 ሥሪት ለአዲስ ሥራ ሊገኝ የሚችለውን ሜሞሪ የሚገምት ራሱን የቻለ መስመር ሜምኢንፎ በተባለው የከርነሉ ፋይል ላይ የጨመሩት ይህ ስሌት ስላስቸገረ ነው። እነዚያን ፕሮግራሞች የጻፉት ጀማሪዎች አልነበሩም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ቁጥሩ ወይም ስያሜው ከተሳሳተ ማብራሪያውን ከመጠጋገን ራሱን ማስተካከል አይሻልም? አንዳንዴ ይሻላል። አዮስታት የተባለው ኮማንድ ማኑዋል «የአገልግሎት ጊዜ» የሚለውን ዓምድ አትመኑ እያለ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ ዓምዱ ጭራሹን ወጥቷል። ሁልጊዜ ግን አይቻልም። ያው ሜምኢንፎ «ኪሎ ባይት» ብሎ የሚጽፈው 1,000 ሳይሆን 1,024 ባይት ነው። ስያሜውን ዛሬ ብትለውጡት ፋይሉን የሚያነቡ ስንት ስክሪፕቶች ይወድቃሉ፤ ስለዚህ እውነቱን የመናገር ሸክሙ በማብራሪያው ላይ ይወድቃል። ልዩነቱ በኪሎ ደረጃ 2.4 በመቶ ብቻ ቢሆንም በጊጋ ከ7 በመቶ ይበልጣል፤ 512 ጊጋ ሜሞሪ ባለው ሰርቨር ላይ ወደ 38 ጊጋ ባይት ይጠጋል። ትንሽ የምትሉት ይህንን ነው?

አንድ ነገር ለተቃዋሚዎቹ እሰጣለሁ። ያልተፈተነ እርማት ከስህተቱ ይብሳል፣ ሰነዱን የሚጠብቁትንም ሰዎች ጊዜ ይበላል። የአፕታይሙ አንቀጽ ራሱ አንዲት ዐረፍተ ነገር ትክክል ሆና ጎረቤቷ ሳትታረም ስትቀር ምን እንደሚፈጠር ያሳያል። ስለዚህ ሰርቨር ላይ የምትሠሩ ሁሉ፣ ከማኑዋሉ ጋር የማይገጥም ቁጥር ስታገኙ በግል ማስታወሻችሁ ጽፋችሁ አትለፉት። ማሽኑ ላይ ፈትኑት፣ የከርነሉን ሥሪት ጥቀሱ፣ አንቀጹን እስከ ታች አንብቡና የታረመውን ዐረፍተ ነገር ሰነዱን ለሚጠብቁት ሰዎች ላኩላቸው።