«አዲሱ ኬሞ አይሻልም ወይ?» ለምትሉኝ

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይሄ ነው፦ «የአባታችን የፕሮስቴት ካንሰር አጥንቱ ላይ ደርሷል፣ የሆርሞኑ ሕክምናም አልያዘለትም። ዶሴታክሴል አዘዙለት። ካባዚታክሴል የሚባል አዲስ አለ አሉን፤ ከውጭ እናስመጣለት?»

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ኬሞ የሚያዘው የካንሰር ሐኪሙ ነው። ግን መኪና ከመሸጣችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ከዶሴታክሴል በፊት ይሰጥ የነበረው ሚቶዛንትሮን ሕመም ያስታግሳል እንጂ ዕድሜ መጨመሩ አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ጥናት ግን በየሦስት ሳምንቱ ዶሴታክሴል ከወሰዱት ግማሾቹ ከ18.9 ወር በላይ ኖሩ፤ ሚቶዛንትሮን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ16.5 ወር በላይ። ልዩነቱ ትንሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገር ግን ሕመማቸው የቀለለላቸውም በዝተው ነበር፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ካባዚታክሴል የመጣው ዶሴታክሴል ወስደው በሽታው ለተባባሰባቸው ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጠቅሟል። «ታዲያ ለምን በእሱ አንጀምርም?» ተብሎ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲነጻጸሩ ግን በዕድሜ ብልጫ አላሳየም። ስለዚህ ዶሴታክሴል የታዘዘለት ሰው ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት አልተሰጠውም።

የሚለያዩት ይበልጡን ሰውነት ላይ በሚያደርሱት ነው። ዶሴታክሴል ጣት ያደነዝዛል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ያበላሻል፣ እግር ያሳብጣል። ካባዚታክሴል ማደንዘዙ ይቀንሳል፤ ተቅማጡ ግን ይበረታል። አባታችሁ ልብስ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም በስኳር ምክንያት እግሩ ድሮም የሚደነዝዘው ከሆነ፣ ሳትጠየቁ ለሐኪሙ ንገሩ። አብሮ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንም ስኳር ከፍ ያደርጋል።

ሁለቱም ነጭ የደም ሴሎችን ያወርዳሉ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ «ጠዋት እናየዋለን» አይባልም፤ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛትም አይሆንም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱትና ገና በሩ ላይ «ኬሞ ላይ ነው» በሉ።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሪው» ትሉኛላችሁ። ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል፤ የእኔም ቤተሰብ ቢሆን ይለው ነበር። ግን ኬሞ እየወሰደ መሆኑን የማያውቅ አባት ሌሊት ሲያንቀጠቅጠው ማንን ይቀሰቅሳል? «ብርድ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል።