የአባቴ ሣጥንና የስካነር ምርጫ

በቦንጋና በአካባቢዋ ለቡናው የሚስማማው እርጥበት ለፎቶግራፍ ፊልም ጠላቱ ነው። የፊልሙ ፊት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚገኝ ጄላቲን የተለበጠ ስለ ሆነ፥ ሻጋታ እንደ ምግብ ይበላዋል። ከአባቴ በወረስሁት ሣጥን ውስጥ ያሉት ኔጋቲቮችም ዳር ዳራቸው መበላት ጀምሮ ነበርና ወደ ኮምፒውተር የምገለብጥበትን ስካነር ለመግዛት አሰብሁ።

መሣሪያ ከመምረጥ አስቀድሞ ግን ሣጥኑን መመርመር ይገባል። ፊልሞቹን ብለካቸው ጥቂቶቹ ወርዳቸው 35 ሚሊ ሜትር፥ የሚበዙት ግን በየጎናቸው 6 ሳንቲ ሜትር ሆነው ተገኙ። ትንንሾቹ የፊልም ስካነሮች በብዛት የሚቀበሉት 35 ሚሊ ሜትሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኔ የሚበጀው እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያለ፥ ክዳኑ ውስጥ ፊልም የሚያበራ መብራት ያለው ጠፍጣፋ ስካነር ሆነ፤ ይኸውም በወረቀት የታተመውንም ያነሣል።

ሻጮች በነጥብ ብዛት ይመካሉ። ይሁን እንጂ በ1 ኢንች 2,400 ነጥብ ቢነሣ፥ አንዱ የ35 ሚሊ ሜትር ምስል ወደ 7.7 ሚሊዮን ነጥብ ስለሚሰጥ ለቤት ይበቃል። አቧራና ጭረት የሚሰውረው የኢንፍራሬድ ብርሃንም የሚረዳው የቀለም ፊልምን ነው፤ ጥቁርና ነጩን የሠራው ብር ግን ብርሃኑን ይጋርደዋል። ለዚያ አቧራውን በጎማ መንፊያ በቀስታ ማራገፍ ይሻላል።

ፍሪድሪክ ቢበር የተባለው የኦስትሪያ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. ከፋን ጎብኝቶ ስለ ሕዝቡ የጻፈው መጽሐፍ በ1920ና በ1923 ዓ.ም. ታትሟል። እርሱ ያየው በመጽሐፍ ተጠብቆ ቀረ፤ የየቤታችን ሠርግና ክርስትና ግን ከእኛ በቀር ጠባቂ የለውም።

በወረቀት ታትሞ የማያውቅ አንድ ኔጋቲቭ በኮምፒውተሩ ላይ አጉልቼ ለአክስቴ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሆኖም ከሰዎቹ በስተኋላ የቆመችውን ልጅ ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይህች እኮ ታናሻችን ናት፤ በሕፃንነቷ ያረፈችው» አሉኝ። እኔ እንዲህ ያለች አክስት እንደ ነበረችኝ አላውቅም ነበር። ስሟን ነገሩኝና ጻፍሁት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ስካነር ፊትን እንጂ ስምን አያነሣም። መሣሪያው ዘግይቶ ቢገዛ ፊልሙ በደረቅ ስፍራ ሊቆይ ይችላል፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሌ ግን ዛሬ ይጠየቁ። ከተገለበጠም በኋላ ፊልሙ አይጣል፤ ቅጂውም በሁለት ስፍራ ይቀመጥ።