ስም የሌለው ጎራዴ

በፊልም የማየውን ዓይነት፣ ለጌጥ ሳይሆን የሚቆርጥ ካታና ፈልጌ ነበር። ዋጋው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝና ከቢቸና ሞጣ ሄጄ አንድ ቀጥቃጭ አናገርኩ። «ያረጀ የመኪና ባሌስትራ አምጣ፤ ከሱ ጎራዴ ይወጣል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የባሌስትራ ብረት ሲጎብጥ መልሶ ይቃናል። ርካሽ ስትገዙ ደግሞ ብረቱ እጀታው ውስጥ ዘልቆ መግባቱን እዩ፤ ካልዘለቀ ሲመቱበት ይነቀላል።

የጃፓን ሰይፍ ሠሪ ብዙ ጊዜ እጀታው በሚሸፍነው ብረት ላይ ስሙን ይቀርጻል። እኛ ጋ ግን ጎራዴ የታጠቀው «ጀግና»፣ የሠራው «ቡዳ» ሲባል ኖሯል።

«ጋሼ፣ ስምዎን ይቅረጹበት» አልኳቸው።

«ስሜንማ ያውቁታል» አሉ ወናፉን እየነፉ፤ «ሲጠሩኝ ነው በሌላ የሚጠሩኝ።»