ሳይጮህ የሚቀደድ

ከሚበላሹ ነገሮች ሁሉ ለሰው የሚቀሉት የሚጮሁት ናቸው። ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ይጮሃል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ዞሮ ያየዋል። ጎማ ሲፈነዳ ይጮሃል፤ ሹፌሩ ወርዶ ይቀይረዋል። ሕፃን እንኳ ሲያመው አልቅሶ እናቱን ይቀሰቅሳል። ጭንቁ ዝም ብሎ የሚበላሸው ነገር ነው። ምስጥ የገባበት ምሰሶ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ የደም ግፊት፣ ወንድማማቾች ሳይጣሉ ያቋረጡት ሰላምታ… እነዚህ ድምፅ የላቸውም። ድምፃቸው የሚሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከዚህ ወገን ስለሆነች አንዲት ላስቲክ ነው። ሞተሩ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞርለት መኪና ያለው ሰው ሁሉ አለችው፤ አብዛኛው ግን አይቷት አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንዲህ ዓይነት መኪና ከካምቢዮው ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ አንዳንድ ዘንግ ይወጣል። የዚህ ዘንግ ሥራ አስቸጋሪ ነው። መሽከርከሩን ሳያቋርጥ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አብሮ መውረድ፣ ሲወጣ አብሮ መውጣት አለበት። መሪው ሲጠመዘዝ ደግሞ ታጥፎም መሽከርከር አለበት። ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ ኩባንያ መሐንዲስ መላ አበጀለት። ስድስት የብረት ኳሶች፣ ቦይ በተቦረቦረለት ጎድጓዳ ብረት ውስጥ እየተንሸራተቱ ጉልበቱን የሚያሻግሩበት መገጣጠሚያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው የእንግሊዞቹ ሚኒ ይህንኑ ዓይነት መገጣጠሚያ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ትናንሽ የቤት መኪኖች ተከተሏት። የኛ ሜካኒኮች በአጭሩ “ሲቪ” ይሉታል።

እነዚያ ስድስት ኳሶች የሚኖሩት በግራሶ ተነክረው ነው። ግራሶው ወጥቶ እንዳያልቅ፣ አቧራም እንዳይገባ የሚጠብቀው ደግሞ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የላስቲክ ልባስ ነው። ሥራው ይኸው ነው፤ ጉልበት አያስተላልፍ፣ ምንም አያዞር። ሲቀደድም መኪናው ምንም አይልም፤ እንደ ወትሮው ይሄዳል። ጎማው በዞረ ቁጥር ግን ግራሶው እየተረጨ ይወጣል፤ በምትኩ አሸዋና ውኃ ይገባል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሪ ጠምዝዘው ሲዞሩ “ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ” የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ላስቲክ መቀየር ሬሳ እንደ ማከም ነው። ብረቱ ተበልቷል።

እኔ ይህን ነገር ልብ ብዬ ያየሁት በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ፣ ነፋስ መውጫ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። ነፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የማታውቀው ነፋስ የለም። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፣ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ያቋርጣታል። ከዚህ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ሌላ ዓለም ያገኛል። ቁልቁለቱ የሚጨርሰው በሽሎና አባይ ዘንድ ነው። በበጋ እንደ ዱቄት የላመ አቧራ፣ በክረምት የሚያጣብቅ ዋልካ፣ ሁልጊዜም ምላጭ የመሰለ ድንጋይ አለ። መሪውን እስከ ጥግ ሳይጠመዝዙ የማያልፉት ጥምዝም አይቆጠርም። ሌሊቱን በብርድ የደረቀ ላስቲክ ጠዋት በዚህ ሁሉ ላይ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይውላል። ለአስፋልት ከተማ የተሠራች መኪና እዚያ የምትቀደደው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

የእህቴ ልጅ የፊዚክስ መምህር ነው። አንዲት አሮጌ ኮሮላ አለችው። በሰፈሩ የግል መኪና ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ መኪናዋ የእሱ ብቻ አይደለችም። ምጥ የያዛት ትሄድባታለች፣ ሙሽራ ይወጣባታል፣ ለቅሶ ደራሽ ይታጨቅባታል። “ጋሼ፣ ከዚች መኪና የኔ ድርሻ ነዳጁ ብቻ ነው” ይለኛል እየሳቀ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ከስሯ ተኝቶ አገኘሁት። እጁን ከፊት ጎማው ጀርባ ሰድዶ አወጣና ጣቱን አሳየኝ። እንደ ኩል ጠቁሯል።

“ጋሼ፣ ይቺን አዩዋት? ግራሶ ናት። ተቀዷል ማለት ነው።”

“ምንም ድምፅ አላሰማችም እኮ።”

“ካሰማችማ አለቀላት!”

በሰፈሩ ለዚህ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ መጠቅለልና በሽቦ ጠፍሮ ማሰር ነው። እሱ አልተቀበለውም። ከመነዳሪ መሸብሸብ አያውቅም፤ ጎማው አንድ ቀን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይንሸራተትና ያልቃል። መሀሉ ተሰንጥቆ በማጣበቂያ የሚዘጋ ላስቲክም ገበያ ላይ አለ። እሱንም አልወደደው። “ማጣበቂያና ቅባት አይዋደዱም” አለኝ። ሁነኛውን ላስቲክ ከነፋሸታውና ከነግራሶው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ከባሕር ዳር አስመጣ።

ሥራው ከቁርስ እስከ ምሳ ወሰደ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈ። መሀለኛውን ትልቁን ዳዶ መኪናዋ መሬት እንደረገጠች አላላው፤ ከተነሣች በኋላ ጎማው አብሮ ስለሚዞር አይፈታም። በክሪክ አነሣት። ግን ክሪክ አይታመንምና ከስሯ ወፍራም ግንድ አስገባ። ጎማውን አወለቀ፤ የታችኛውን መጋጠሚያ ፈታና ጎማ ተሸካሚውን ወደ ውጭ ጎትቶ ዘንጉን አላቀቀው። የተቀደደውን ላስቲክ በቢላዋ ቆርጦ ጣለ። ሲቪውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ከዘንጉ ላይ አወጣው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው የማልረሳው። ቁጭ አለ፤ ስድስቱን ኳሶች አንድ በአንድ በናፍጣ አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ። የተቆፈረ ወይም የተጫረ ካለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የለም። ያበራሉ።

ከዚያ ቅደም ተከተሉ መጣ። መጀመሪያ ትንሿ ፋሸታ፣ ቀጥሎ ላስቲኩ ዘንጉ ላይ ይገባሉ፤ ሲቪው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ሁሉንም መልሶ ይፈታል። ግራሶውም ማንኛውም ግራሶ አይደለም፤ ለዚሁ መገጣጠሚያ የተዘጋጀ፣ ጥቁር ነው። ኳሶቹ መሀል በጣቱ እየጠቀጠቀ ፓኮውን ጨረሰው። ሲቪውን መትቶ ሲያስገባው “ቀጭ” አለና ቀለበቱ ያዘ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀጭታ የለም።

ይህን ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚመለከቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የእህቴ ባል አጎት፣ ከስማዳ ለጥምቀት የመጡ ገበሬ ናቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ጠየቁ።

“እና ይሄ ብረት፣ መጎተቱን ሳይለቅ እንዲታጠፍ ነው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ታዲያ ምራን ነዋ!”

ከተሜ ለሆናችሁ አንባቢዎች፣ ምራን ሞፈርን ከቀንበር የሚያያይዝ ጠፍር ነው። በሬዎቹ ትልም ጨርሰው ሲዞሩ ሞፈሩ በአንድ ወገን፣ ቀንበሩ በሌላ ወገን ይሆናሉ፤ ምራኑ ይጠመዘዛል እንጂ አይለቅም። ጉልበት ሳይቋረጥ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ማለት ይኸው ነው። አልፍሬድ ርዜፓ ሳይወለድ ጀምሮ የስማዳ ገበሬ ሲያርስበት ኖሯል። ሽማግሌው ግን በዚህ አላበቁም።

“ምራን የሚታየው በሬ ጠምደህ አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ነው። ሳይደርቅ ሞራ ታቀምሰዋለህ። ከተሰነጠቀ ወዲያ ብትቀባው አይሰማህም።”

የእህቴ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ሴሚስተር የሚያስተምረውን አባባ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውበታል።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ስለ ቅኔ ሳወራ፣ ተማሪዎቼ ሰሙን አልፈው ወርቁን እንዲያዩ እጎተጉታቸው ነበር። ወርቅ አንጥረኛ ቤት ሰሙ የሚቀልጠው ለወርቁ ቦታ ሊለቅ ነው። መኪና ስር ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ሰሙ ከሄደ ወርቁም ይከተላል። የዚያ ግቢ ቋንቋ ራሱ ሰም አለው። ክሪክ፣ ዳዶ፣ ፋሸታ፣ ግራሶ፣ ከመነዳሪ የምንላቸው ቃላት ሁሉ የጣሊያን ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቃሎቹ ግን በሜካኒኩ አፍ ሲገለገሉ ይኖራሉ። በየቀኑ የሚነካ ነገር አይዝግም።

ያ አገር ከመንኰራኩር ጋር የቆየ ትዝታ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ግዙፍ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። መድፉ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል ይባላል። ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ገደሉ እየተደለደለ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ወራት ፈጀ። ማን እንዳሠራው፣ ማን እንደሠራው፣ እንዴት እንደተጎተተ እናወራለን። የጋሪውን እግር በየማታው ጎንበስ ብሎ ያየው፣ ቅባት ያቀመሰው ማን እንደነበር ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

ጉዳዬ እዚህ ላይ ነው። መሥራትና መጎተት እናውቅበታለን፤ ለእሱ ሆ ብለን እንወጣለን፣ ሪባን እንቆርጣለን። ለጥገና ግን ሪባን የለውም። የእጅ ውኃ ፓምፕ ተተክሎ ይመረቃል፤ ውስጡ ያለችው አንዲት ጎማ ስታልቅ ይቆማል፤ እናቶች ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። መንገድ ይሠራል፤ የጎርፍ ቦዩን የሚጠርግ ይጠፋና ክረምት አስፋልቱን ከጎኑ ይበላዋል። የጎደለው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ገና ያልጮኸውን ነገር ጎንበስ ብሎ የማየት ልማድም ጎድሏል። አባባ ይህ ልማድ አላቸው፤ እኛ የተማርነው ከየት እንደጣልነው እንጃ።

ከዚያ ጥር ወዲህ አገሩ ላይ ብዙ ወረደ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ከባሕር ዳር ዕቃ ማስላክ እንደ ድሮው የሹፌር ውለታ ብቻ መሆኑ ቀረ። የእህቴ ልጅ በስልክ እንዳጫወተኝ፣ ሁለት ላስቲክና ሁለት ፓኮ ግራሶ እህል ጎተራው አጠገብ ሰቅሎ አስቀምጧል። እናቱ “ምንድን ነው እሱ?” ስትለው “ዘር ነው” ብሏታል። እውነቱን ነው። ሰላም ባለበት አገር ላስቲክ መቀየር የገንዘብ ቁጠባ ነው። መንገድ በተዘጋበት ቀን፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት በሌሊት በር ስታስመታ ግን፣ ያቺ በጊዜዋ የተቀየረች ላስቲክ የሁለት ነፍስ ጉዳይ ትሆናለች።

እንግዲህ መኪና ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ስታቆሙ ጎንበስ በሉና ጣታችሁን ከፊት ጎማው ጀርባ ሰደድ አድርጉ። ደረቅ ከሆነ እሰየው። ከጠቆረ ደግሞ ገና ጊዜ አላችሁ፤ እስኪጮህ አትጠብቁ። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምራን አታጡም።